ማጽዳት ብቻ

ባሕሪ፣ ካርቱም
የካቲት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ቤርሳቤህ፤

እንዴት ከርመሻል? በርገን ላይ ዝናቡ ዛሬም አልለቀቀሽም አሉ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ በለጠ ነው፤ እህቱን ሊጠይቅ ወደዚያ አገር ይመጣል። ለምን በኢሜል አትጽፍልኝም ላልሽው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ዓይኔን ያመኛል። ወሬው በወረቀት፣ ሥራው በመስመር ይሁን።

ስለ ኮምፒውተሩ የሰማሽው እውነት ነው። ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ጊዜ ጮኸና ሽታው ክፍሉን ሞላው። አንቺ እዚህ እያለሽ ጀሪፍ ቤታችን ጀምረን እስከ ዛሬ የጻፍነው ፕሮግራም በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ኑርሁሴን ገብቶ አየኝና «ኡስታዝ፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ።

ኑርሁሴንን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተቀጠረው። የደሴ ሰው ነው፤ ማዮ ሠፈር ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይኖራል። ፕሮግራማችን ጠዋት ጠዋት የማዮ ታንከሮች ስንት ስንት ማንኪያ ክሎሪን እንደሚያስፈልጋቸው አስልቶ ወረቀት ሲያወጣ፣ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ዱቄቱን የሚጨምረው እሱ ነው። የአህያ ጋሪዎቹ ከዚያ ቀድተው በየደጁ ይሸጣሉ። እኛ ጥናት እንለዋለን እንጂ ለማዮ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው።

ታዲያ «ፍላሽ አለኝ፣ ይበቃኛል» እያልኩ ስንት ቀን ቀለድኩብሽ! ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ አብሮ ተቃጠለ። ያዳነኝ አንቺ የተከልሽው ሰብቨርዥን ነው። የጻፍነውን ሁሉ፣ ማን እንደለወጠ፣ መቼና ለምን እንደለወጠ ሳይቀር ሲመዘግብ፣ በየቀኑም ቅጂውን በርገን ወዳለው ማሽንሽ ሲልክ ኖሯል። አዲስ ኮምፒውተር መጥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተመለሰ። አለቃችን ዶክተር አብዱልወሃብ ራሱ ቆሞ አየና «እህትህ ሠርታዋለች?» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ስለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ። ኮዱን ገብቼ ላጽዳው ወይ ያልሽውን ደግሞ ምን ፈቃድ ትጠይቂኛለሽ? ቤቱ የጋራችን ነው፤ ገብተሽ ጥረጊ።

ወንድምሽ ብርሃኔ


በርገን
መጋቢት 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

በለጠ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ደብዳቤህን አደረሰልኝ። የበረዶ ጫማ አልገዛም ብሎ ነው እንጂ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። አማርኛዬን ስታርም ቀይ እስክርቢቶ አትጠቀም፤ የፊደል መምህሬ አንተው ነህ፤ ጉድለቱም ያንተው ነው።

አትደንግጥ፣ ያየኸው ለውጥ ሁሉ የእኔ ነው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ አጸዳሁት። አንድ ዓይነት ነገር ሦስት አራት ቦታ ተደጋግሞ ነበር፤ አንድ አንድ ቦታ ሰበሰብኩት። ስሌቱን አልነካሁም። ብቻ ሥራ ላይ ከማዋልህ በፊት ከድሮው ወረቀት ጋር አመሳክረው፤ ደንቡ ስለሆነ ነው እንጂ የሚያሰጋ ነገር የለበትም።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። ለውጥ ባስገባህ ቁጥር ምክንያቱን ጻፍ ብዬህ ነበር። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍከው አንድ ቃል ነው፤ «ሥራ»። ሥራ መሆኑንማ ማን አጣው? የዛሬ ዓመት ተመልሰህ ስታየው ያን ቀን ምን አስበህ እንደነበር በምን ታውቃለህ?

ክረምት ለምን አትመጪም ላልከው፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ሰኔ ላይ በመምህራን ፊት አቀርባለሁ። ርእሱ የእኛው ፕሮግራም ነው። ሽፋኑ ላይ ማዮ ተብሎ ተጽፏል። ካለፍኩ ለዶክትሬት ያስቀሩኛል፤ መምህሬ በግማሽ አፏ ነግራኛለች። ገና ነውና ለማንም አትንገር።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

ቤርሳቤህ


ባሕሪ
ሚያዝያ 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ቤርሳቤህ፤

ደህና ነሽ? ሁለት ሳምንት የጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ አትስጊ። ስልኩን የዘጋሁት ራሴ ነኝ።

ማዮ ውስጥ ሰው ታሟል። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ነው የጀመረው፤ ተቅማጥና ትውከት። ስንት ሰው እንደሆነ በውል አላውቅም። አሁን እየቀነሰ ነው ይላሉ።

ኑርሁሴን ታስሯል። ማለቅ የነበረበት ክሎሪን መጋዘን ውስጥ ስድስት ባልዲ ሙሉ ተገኘ። ዶክተር አብዱልወሃብ «ዱቄቱ እዚህ ካለ ውሃው ውስጥ ምን ስትጨምር ነበር?» አለው። ኑርሁሴን «ወረቀቱ ያለኝን ነው የጨመርኩ። ለትልቁ ታንከር ግማሽ ማንኪያ ነው የሚለኝ» አለ። ዶክተሩ ፕሮግራሙን አስነሣና አየ። አምስት ማንኪያ ይላል። «የታለ ግማሹ?» አለው። ያለፉት ወረቀቶች የሉም፤ ኑርሁሴን ሥራውን ሲጨርስ እጁን ይጠርግባቸውና ይጥላቸው ነበር። ሰነፍና ውሸታም ተብሎ ለፖሊስ ተሰጠ። በዚያ ላይ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጊዜው አልፎበታል፤ ፍርድ ቤት ሳይደርስ መተማ ወስደው ሊጥሉት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ።

ትናንት ሚስቱ ሐምዲያ ቢሮ ድረስ መጣች። ጀሪፍ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ቆማ «ኡስታዝ፣ ልጄ አሚናም ከዚያው ውሃ ጠጥታ ነው የወደቀች። አባት የገዛ ልጁን ውሃ ሳያክም ይተዋል?» አለችኝ። ልጅቷ ተሽሏታል። ሌላ ምን እላታለሁ? ውሃ ላምጣልሽ አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና ሄደች።

ስለ ፕሮግራሙ እንዳትሰጊ፣ ምንም አልሆነም። አንቺ ጽሑፍሽን አስቢ። ከዚህ ጋር አጥፌ ያስቀመጥኳትን ብጣሽ ወረቀት ለብቻሽ አንብቢና መልሷን ቶሎ ላኪልኝ።

ብርሃኔ


በርገን
ግንቦት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

ስለ ኑርሁሴን ያነበብኩት ከልቤ አልወጣ ብሏል። የማላውቀው ሰው ነው፤ ግን ያቺ ሽርጥ የለበሰች ሴት ፊቴ ላይ ቆማለች። ጠበቃ አላችሁ? ዶክተሩን ማን አነጋገረው? በደብዳቤህ ውስጥ አንተ ምን እንዳልክ አንድም ቦታ አልጻፍክም።

ብጣሿን ወረቀት አንብቤያታለሁ። ከመዝገቡ መሃል አንድ ለውጥ ማውጣት ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል፤ ግን እንዲከብድ ሆኖ የተሠራ ነው። ሙሉውን መዝገብ ወደ ውጭ አውጥተህ፣ ያን አንዱን ትተህ፣ ሌላውን እንደገና ትጭናለህ። አሠራሩን ከዚህ በታች አልጽፍልህም። ለምን እንደፈለግኸው መጀመሪያ ንገረኝ።

ተሳስተህ ከሆነ ተናገር። እጅህ አምልጦህ አንድ ቁጥር አበላሽተህ ይሆናል፤ ሰው ነህ። እዚያ እስር ቤት የተቀመጠ ሰው እያለ መዝገብ ልታጠፋ ነው? ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ጀሪፍ ትምህርት ቤት፣ የሒሳብ ውጤቴን አራቱን ዘጠኝ አድርጌው እንደመጣሁ ታስታውሳለህ? እጄን ይዘህ መልሰህ ወሰድከኝ። መምህሯ ስቃ ልትተወኝ ስትል «የለም፣ በራሷ አፍ ትናገር» አልክ። እኔ እያለቀስኩ ተናገርኩ። ያን ቀን ጠልቼህ ነበር። አሁን ያን ቃል መልሼልሃለሁ።

ድፍረቴን ይቅር በለኝ። ጽሑፌን እያረምኩ ስለሆነ ገብቼ አላየሁም። ቅዳሜ ጊዜ ሲኖረኝ አየዋለሁ፤ ስሕተቱ ካለ አብረን እናገኘዋለን።

ቤርሳቤህ


ባሕሪ
ግንቦት 13 ቀን 1998 ዓ.ም.

እህቴ፤

ቁጣሽ ደርሶኛል። ይገባኛል፤ ሁሉንም በሙሉ።

ቅዳሜ ለመግባት ሞክረሽ እምቢ ካለሽ የይለፍ ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጥገና ላይ ነን። ጽሑፍሽን እስክታቀርቢ ድረስ ወደዚህ ነገር አትመለሺ። እለምንሻለሁ፣ ቤሪ፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ እሺ በይኝ።

ዶክተሩን አነጋግሬዋለሁ። ትናንት በሩን ዘግቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ኑርሁሴን እውነቱን ነው» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ።

«ቁጥሩ ዛሬ ትክክል ነው፤ አይቼዋለሁ» አለኝ።

«በኋላ አስተካክዬው ነው።»

«መቼ? አሳየኝ። ሁሉን የሚመዘግብ ነገር አለን ብለኸኝ አልነበረም?»

ወደ ኮምፒውተሩ አልሄድኩም። ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም። «ብርሃኔ፣ ልብህን አውቀዋለሁ። የአገርህን ሰው ማዳን ፈልገሃል። ሐበሻ ለሐበሻ ይሞታል። ግን እኔ እዚህ የሞቱ ሰዎች አሉብኝ» አለ። «ኻላስ፣ በቃ፤ ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ሻይ አዘዘልኝ። ጠጣሁት።

መዝገቡን ለምን አላሳየኸውም ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ከቢሮ ወጥቼ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ፤ ተመልሼ ተሻገርኩ። አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ለኑርሁሴን ምግብ ሰጥቼዋለሁ። «አላህ ይስጥልኝ፤ ኡስታዝ፣ አንተ ብቻ ነህ ያልረሳኸኝ» አለኝ።

ብርሃኔ


በርገን
ግንቦት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

በሩን ዘጋህ፤ ቅጂው እኔ ጋ መሆኑን ግን ረሳህ።

ቅዳሜ አልሆነልኝም፤ ዛሬ ነው የከፈትኩት። ያንተን ስሕተት ፍለጋ ነበር የገባሁት። ቁጥር 212፣ ቤርሳቤህ፣ ማርች 12፣ «ማጽዳት ብቻ»። እሱ ላይ እጄ ቆመ።

ታንከሮቹ የሚለኩት በበርሜል ነው፤ አንዱ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር። የጋሪ ሻጮቹ ሽያጭ ደግሞ በጀሪካን ነው፤ ሃያ ሊትር። አንተ ሁለቱን ለየብቻ ጽፈሃቸው ነበር። እኔ ድግግሞሽ መሰለኝና ሁለቱንም ሃያ አደረግኳቸው። በልጅነቴ ከሠፈር ቧንቧ ውሃ የተሸከምኩት በጀሪካን ስለነበር ሃያ ትክክል መስሎ ታየኝ፤ ቆም ብዬ አልጠየቅኩም። ታንከሩ በፕሮግራሙ ዓይን አንድ አሥረኛ ሆነ። አምስት ማንኪያም ግማሽ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ቁጥር 219፣ ብርሃኔ፣ ኤፕሪል 24፣ «ሥራ»። በፋሲካ ማግስት አግኝተኸዋል፤ በዚያው ቀን አስተካክለኸዋል። ያን ማድረግህ ሰው አድኗል። ግን ዶክተሩ ፕሮግራሙን ሲያስነሣ ያየው አንተ ያስተካከልከውን ነው። ኑርሁሴን ውሸታም የሆነው በዚያች ሰዓት ነው። አንተም ክፍሉ ውስጥ ነበርክ፤ ራስህ ጽፈህልኛል።

ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደዚህ ዓይነት ፍቅር አልፈልግም ልልህ ብዕር አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አንተን የምቆጣበት አፍ የለኝም።

የሐምዲያን ስልክ በበለጠ በኩል አፈላልጌ ደወልኩ። ስንት ሰው እንደሞተ አንተ ደብቀኸኛል፤ እሷ ነገረችኝ። ሁለት ሕፃናት። አንዱ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ማን እንደሆንኩና ምን እንዳደረግኩ ነገርኳት። ከዚያ «እዚያ መዝገብ ላይ ስምሽ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እንግዲያ ላኪው» አለችና ዘጋችው።

ልኬዋለሁ። ሁለቱን መዝገቦች፣ ፕሮግራሙንም መጋቢት ላይ እንደነበረ፣ ከፊርማዬ ጋር ለዶክተር አብዱልወሃብ ዛሬ በፋክስም በኢሜልም ልኬያለሁ። ለመምህሬም ነግሬያታለሁ። የሰኔው ተሰርዟል። ወደፊት ምን እንደሚሆን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህ ሲደርስህ ሁሉም ነገር አልቋል። ስትቆጣ ይታየኛል። ተቆጣ፤ ግን ሂድና አስፈታው።

ቤርሳቤህ


ጀሪፍ
ሰኔ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። ፋክሱን ዶክተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖረው ወረቀቱን ከእጁ ልነጥቀው ቃጥቶኝ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት እጅሽን ይዤ ያሻገርኩሽን መንገድ በአንድ ገጽ የቀደድሽው መሰለኝ።

ዶክተሩ አልጮኸም። «ወደ መጋቢት መልሰው» አለኝ። ከመዝገቡ ቁጥር 212ን አውጥቼ ፕሮግራሙን እንደዚያ ቀን አድርጌ አስነሣሁት። ወረቀቱ ወጣ። ትልቁ ታንከር፣ ግማሽ ማንኪያ። ኑርሁሴን እንዳለው። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ተነሥቶ «ያላ» አለኝና በመኪናው ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

ኑርሁሴን በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ወጣ። ጢሙ አድጎ፣ ሱሪው በገመድ ታስሮ። የኢቃማውን ጉዳይ ዶክተሩ ራሱ ሄዶ ጨረሰለት።

በሩ ላይ እንደቆምን አንድ ያልጻፍኩልሽን ነገር በሁለቱም ፊት ተናገርኩ። አሁን ለአንቺም ልናገር። አንቺ ካጸዳሽው በኋላ በሦስተኛው ቀን ኑርሁሴን መጥቶ «ኡስታዝ፣ ቁጥሩ ወረደሳ፤ ምነው?» ብሎኝ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው «ውሃው ስለጠራ ነው፤ ማሽኑ ያውቃል» አልኩት። አመሳክር ያልሽኝንም አላመሳከርኩም። ይህ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ያንቺ ስም ተጽፏል፤ የእኔ አልተጻፈም። ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚው።

ከሥራ ወጥቻለሁ። ዶክተሩ «ስሕተቱን እምርልህ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ቆመህ ዝም ማለትህን ግን አልችለውም» አለኝ። ለጊዜው እዚህ ጀሪፍ ለሠፈር ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ።

በስልክ እያለቀስሽ የጠየቅሽኝን በራሴ መመለስ አልቻልኩም። ማዮ ሄጄ ኑርሁሴንን ጠየቅኩት። ሐምዲያ በር ላይ አየችኝና እጇን አልሰጠችኝም፤ ግን ግባ አለችኝ። አሚና ከእናቷ ጀርባ ሆና ታየኛለች፤ እግሮቿ ገና ቀጫጭን ናቸው።

«እህቴ ልትመጣ ትፈልጋለች» አልኩት። «የሁለቱን ሕፃናት ወላጆች አግኝቼ በአፌ ልናገር ትላለች። ምን ላድርግ?»

«ዶክተሩ ወደ ሥራህ ተመለስ ብሎኛል» አለኝ ኑርሁሴን። «እመለሳለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ቁጥር ሲለወጥ ወደ ውሃው ከመሄዱ በፊት እኔ ሳላየው አይሄድም ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል። አንብቤው እንዲገባኝ ታስተምረኛለህ?»

አስተምርሃለሁ አልኩት። እኔ የጠየቅኩትን የረሳው መስሎኝ ነበር። አልረሳም።

«እህትህ ትምጣ» አለ። «ይቅር ብያለሁ አትበላት፤ ገና አላልኩም። እነዚያም ሰዎች ይቅር ይሏት እንደሆን አላውቅም፤ ሊያባርሯትም ይችላሉ። የሦስት ወሩ ልጅ አባት ጋሪ ነጂ ነው፤ በታንከሩ በኩል ሁልጊዜ ያልፋል፤ ያ ነገር ከሆነ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ቢሆንም ቤቱን አውቀዋለሁ። ሁለቱንም ቤት አውቃለሁ። ማዮ ለማያውቀው መንገዱ ይጠፋል። ከአውቶቡሱ ስትወርድ እኔ እቀበላታለሁና አብሬያት እሄዳለሁ።»

ሐምዲያ ከጓዳ ሆና «ረጅም ቀሚስ ይዛ ትምጣ፤ ነጠላም» አለች።

ቀኑን ስትቆርጪ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ብርሃኔ